በድሮ ልቦለድ ጠንካራ የነበረችው ሴት ስክሪን ላይ ስትወጣ ለምን ትቀልላለች?

የማታ አንባቢ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ታገሡኝ።

በድሮ ዘመን ላይ የሚሠሩ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ባለታሪኳ ጠንካራ ሴት መሆኗን እንድናውቅ ሲፈለግ የሚሰጡን ምልክቶች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። ፀጉሯን ትለቃለች፣ ባርኔጣዋን ትጥላለች፣ ፈረስ ትጋልባለች፣ እራት ላይ አንዱን ኩሩ ሽማግሌ በነገር ወግታ ዝም ታሰኛለች። አባቷ «ታገቢያለሽ» ሲላት በሩን አላግታ ትወጣለች። ከዚያስ ምን ደረሰባት? ምንም። በሚቀጥለው ትዕይንት አዲስ ቀሚስ ለብሳ የዳንስ ግብዣ ላይ እናገኛታለን።

ድራማዎቹ የተቀዱባቸውን መጻሕፍት ስናነብ ግን ጥንካሬው የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። «እምቢ» በማለት ውስጥ ነው፤ እምቢታው የሚያስከፍለው ዋጋም አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተጽፏል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጄን ኦስተን «ማንስፊልድ ፓርክ» (1814፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ነው። ፋኒ ፕራይስ የድሃ ቤት ልጅ ናት። በሀብታሙ የአክስቷ ባል በሰር ቶማስ ቤት በጥገኝነት አድጋለች፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ትንሽ ስትሄድ ይደክማታል። ሄንሪ ክሮፎርድ የሚባል ሀብታምና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ላግባሽ ይላታል። እምቢ ትላለች። ሰር ቶማስ ራሱ ክፍሏ ድረስ ወጥቶ እልኸኛ፣ ራስ ወዳድ፣ ውለታ ቢስ እያለ ይወርድባታል። ታለቅሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቃሏን ግን አታጥፍም። አሁን ልብ በሉ፦ በዚያ ክፍል እሳት ነድዶ አያውቅም፤ ሌላዋ አክስቷ ሚስስ ኖሪስ ከልክላለች። ሰር ቶማስ ይህን ያስተዋለው ሊቆጣት በገባበት ሰዓት ነው። ተቆጥቷት ከወጣ በኋላ እሳት እንዲነድላት ያዝዛል። ፋኒ ንፋስ ተቀብላ ስትመለስ ምድጃው እየነደደ ታገኘዋለች።

የሚጫናት ሰው ክፉ አለመሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ደግነቱ ራሱ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርባታል። ጨካኝን እምቢ ማለት ይቀላል፤ ያሳደገህን፣ እሳት ያስነደደልህን ሰው እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቆየት ብሎም ሰር ቶማስ የድሎትን ዋጋ እንድታውቅ ብሎ ፖርትስመዝ ወደሚገኘው የወላጆቿ ጠባብና ጫጫታ የበዛበት ቤት ይልካታል። እዚያም አልተበገረችም።

በ1999 የተሠራው ፊልም ይህችን ልጅ ተጫዋች፣ ተናጋሪና ደራሲ አደረጋት፤ ኦስተን በልጅነቷ ከጻፈቻቸው ጽሑፎች እየተወሰደ በፋኒ አፍ ተነገረ። ፊልሙ የሰር ቶማስ ሀብት ከባርነት ጋር ያለውን ትስስር ፊት ለፊት ማውጣቱን አከብራለሁ። ፋኒን ግን አላገኘኋትም። ደፋርና ተናጋሪ ሴት እምቢ ስትል ማን ይደነቃል? ፈሪዋ እምቢ ማለቷ ነበር ነገሩ።

ዝምተኛ ሴት ጠንካራ ልትሆን አትችልም ያለን ማን ነው? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

ካሜራና ብዕር፦

እህቴ፣ ጥሩ ጀምረሻል፤ ግን ለፊልም ሠሪዎቹ ትንሽ ልከራከርላቸው። መጽሐፍ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ካሜራ የሚያየው ፊትን ብቻ ነው። ፋኒ ለብዙ ገጾች ዝም ብላ ስታስብ ኦስተን ታስነብበናለች፤ ያንን ዝምታ ለሁለት ሰዓት ስክሪን ላይ ማቆየት በጣም ከባድ ሥራ ነው።

ደግሞም እንቅስቃሴውን ሁሉ ድራማዎቹ አልፈጠሩትም። «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» (1813) ውስጥ ኤልሳቤጥ የታመመች እህቷን ለመጠየቅ ሦስት ማይል በጭቃ በእግሯ ትሄዳለች። ከቀሚሷ ሥር ያለው ጉርድ ስድስት ኢንች ያህል ጭቃ መንካቱን የቢንግሊ እህቶች እያነሡ ያሟታል። ይህ ራሱ ለካሜራ የተጻፈ ይመስላል። በ1995 ቢቢሲ በስድስት ክፍል ሲሠራው ያንን መንገድ መጠቀሙ ተገቢ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ፤ እሱም የዚያችው የኦስተን «ፐርሱዌዥን» ነው። ባለታሪኳ አን ኤሊየት 27 ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ አይሰማትም፤ በ19 ዓመቷ በሰው ምክር የተወችው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ካፒቴን ሆኖ ተመልሷል። የ2022ቱ ፊልም አንን ወደ ካሜራው እያየች የምታወራ፣ ወይን ጠጅ እየጠጣች በዘመዶቿ የምታሾፍ ሴት አድርጎ አቀረባት። የ1995ቱ ፊልም ግን የአማንዳ ሩትን ፊት ብቻ አምኖ ብዙ ሳታወራ እንድትቆይ ፈቀደላት። አን ስትናቅ እናያለን፤ መናቋን ማወቋንም ከዓይኖቿ እናነባለን። ስለዚህ ካሜራው አቅቶት አይደለም፤ የሠሪው ምርጫ ነው።

በዚያ ላይ መጽሐፉ አንን የሚያስመሰክርባት ትዕይንት አለው። ላይም በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሉዊዛ ከደረጃ ዘላ ወድቃ ራሷን ስትስት፣ ያ ጦርነት ያየው ካፒቴን፣ ዌንትወርዝ፣ «የሚረዳኝ ሰው የለም?» ይላል፤ ቆሞ መቆየት አቅቶት ግድግዳ ይደገፋል። ሐኪም የምትለው አን ናት። እሱ ሊሮጥ ሲነሳ ደግሞ፣ አብሯቸው ያለው ካፒቴን ቤንዊክ ቢሄድ አይሻልም ወይ፣ ሐኪሙ የሚገኝበትን የሚያውቀው እሱ ነው ትላለች። ሁሉም ሲርበደበድ የከተማውን ሰው ማን እንደሚያውቅ ያስታወሰችው እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ከፈረስ ግልቢያ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

መርፌና ክር፦

ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ። የማታ አንባቢ ከዘረዘረቻቸው ምልክቶች አንዱ ቀርቷል፤ እሱም ኮርሴት፣ ማለትም ገላን አጥብቆ የሚይዘው በማሰሪያ የሚታሰር የሴቶች የውስጥ ልብስ ነው። ታውቁታላችሁ፦ ልጅቷ የአልጋውን እንጨት ትይዛለች፣ አገልጋይዋ ከኋላ ማሰሪያውን ትስባለች፣ ልጅቷ ትንፋሽ ያጥራታል። «በማኅበረሰቡ ታፍናለች» ማለት ነው።

«ብሪጀርተን» የተባለው ተከታታይ ድራማ ታሪኩ የሚጀምረው በ1813 ነው፤ እዚያም ወገብ እስኪቀጥን ሲጠበቅ እናያለን። በዚያ ዘመን የቀሚስ ወገብ የሚባለው ከጡት ሥር ነበር! ከዚያ በታች ጨርቁ ዝም ብሎ ይወርዳል። የሴትየዋን ትክክለኛ ወገብ ማንም አያየውም፤ ለምን ይጨመቃል? የውስጥ ልብሱ ሥራ ጡትን ወደ ላይ መደገፍ ነበር። ደግሞ የማሰሪያው ቀዳዳዎች የብረት ቀለበት አልነበራቸውም፤ ጠርዛቸው በእጅ በክር የተሰፋ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ሰፍቻለሁ። ድራማው ላይ በሚታየው ጉልበት ቢጎተት ጨርቁ ይቀደዳል። ከሁሉ የሚገርመኝ በባዶ ገላ ላይ ማሰራቸው ነው፤ ከሥሩ ሁልጊዜ ስስ የበፍታ ሸሚዝ ይለበስ ነበር፤ ላብ የሚመጠውም፣ ቶሎ ቶሎ የሚታጠበውም እሱ ነው።

ይህን የምለው ስህተት ለመልቀም አይደለም። ኮርሴቱ የሚያስቆጣኝ ሌላውን ነገር ስለሚሸፍን ነው። በዘመኑ ሸክም የሚሸከሙ፣ እርሻ የሚውሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም ይለብሱት ነበር፤ ሥራቸውንም ይሠሩበት ነበር። ሴቶቹን ያነቃቸው ጨርቅ አልነበረም። ማሰሪያ አንድ ትዕይንት ላይ ይፈታል፤ ተመልካቹም «ነጻ ወጣች» ብሎ ይደሰታል። የሚያንቀው ሕግና ገንዘብ ከሆነ ግን በአንድ ትዕይንት አይፈታም።

ሕግ ተማሪ፦

መርፌና ክር ያነሳችውን የሕግ ጉዳይ እኔ ልቀጥለው፤ ብዙዎቹ ድራማዎች ቆርጠው የሚጥሉት እሱን ነውና። በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ከባሏ የተለየ ሕጋዊ ህልውና አልነበራትም ማለት ይቻላል። ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የእሱ ነው። በ1870 የወጣው ሕግ ደመወዟን ለራሷ አደረገላት፤ ንብረቷን በሰፊው የራሷ ያደረገው የ1882ቱ ነው። ልጆቹም በሕግ የአባት ነበሩ። ካሮላይን ኖርተን የምትባል ጸሐፊ ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶባት ያደረገችው ዘመቻ ነው የ1839ኙን ሕግ ያስወጣው፤ ያም ቢሆን እናት ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለፍርድ ቤት እንድታመለክት ብቻ ነበር የፈቀደላት።

ይህን ይዛችሁ የአን ብሮንቴን «ዘ ቴናንት ኦቭ ዋይልድፌል ሆል» (1848) አንብቡ። ታሪኩ ከነዚህ ሕጎች ሁሉ በፊት፣ በ1820ዎቹ ነው። ሔለን ሰካራምና አመንዝራ ባል አላት፤ ትንሹን ልጃቸውን መጠጥ ያለማምደዋል። የመኝታ ቤቷን በር ትዘጋበታለች። በዚያ ዘመን ይህ ብቻውን ትልቅ አመፅ ነው። እሷ ግን አትጮኽም። ትቆጥራለች። ሥዕል ሠርታ ሸጣ፣ ገንዘብ አጠራቅማ፣ ልጇን ይዛ ለመጥፋት በዝምታ ታቅዳለች።

ባሏ የዕለት ማስታወሻዋን ነጥቆ ያነብባል፣ ዕቅዱን ያውቃል፣ ቁልፎቿን ይወስዳል፣ የሥዕል ዕቃዋን እያነሳ ምድጃው ውስጥ ይከትታል። ብሩሾቹ ይነድዳሉ፣ የቀለም ቢላዎቹ ይሰበራሉ፣ ዘይቱና ተርፐንታይኑ እየፏጨ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የነደደው የእጅ ሙያዋ ነው፤ በዓለም ላይ የራሷ ብላ የምትቆጥረው አንድ መውጫ። ብሮንቴ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች ነው ያቃጠለቻቸው።

ሔለን ግን በኋላ እንደገና አቅዳ ትጠፋለች። ስሟን ትለውጣለች፤ በሥዕሎቿ ላይም የምትኖርበትን ቦታ በሌላ ስም ትጽፋለች፣ የስሟንም ፊደላት ትቀይራለች፤ ሥዕሉ ከተማ ሲደርስ ባሏ ዱካዋን እንዳያገኝ። ጠንካራ ሴት ማለት ለእኔ ይህች ናት። ደራሲዋ አን በ1849 ከሞተች በኋላ እህቷ ሻርሎት መጽሐፉ ዳግም እንዳይታተም መከልከሏም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም፤ ለብዙ ጊዜ የተደበቀብን አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ጎህ፦

ሁላችሁንም በደስታ አነበብኳችሁ፤ ግን ዝም ብዬ ልስማማ አልችልም። የድሮ መጻሕፍቱን በጣም እያነጻችኋቸው ነው።

እስቲ የታወቁትን የልቦለድ ባለታሪኮች መጨረሻ ደርድሩ። ኤማ ቦቫሪ መርዝ ጠጣች። አና ካሬኒና ባቡር ሥር ገባች። ማጊ ተሊቨር በጎርፍ ሞተች። ቴስ ተሰቀለች። ፍላጎቷን የተከተለች ሴት በሙሉ ሬሳ ሆና ነው ከመጽሐፉ የምትወጣው። የተረፈችው ደግሞ ትዳራለች። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ለሴት ሁለት በር ነው ያለው፤ ሠርግና ቀብር። ታዲያ የዛሬ ፊልም ሠሪ ሦስተኛ በር ልክፈት ቢል ምን አጠፋ?

ደራሲዎቹ ራሳቸው በዚህ ይማረሩ ነበር። ሉዊዛ ሜይ አልኮት የ«ሊትል ዊመን» ባለታሪክ የሆነችው ጆ ሳታገባ ብዕሯን ይዛ እንድትኖር ነበር የፈለገችው። የመጀመሪያው ክፍል በ1868 ሲወጣ አንባቢዎች ልጆቹ ማንን እንደሚያገቡ እየጠየቁ ደብዳቤ አጎረፉባት፤ እሷም በሁለተኛው ክፍል ባለታሪኳን ለአንድ ጎልማሳ ፕሮፌሰር ዳረቻት። የ2019ኙ ፊልም ይህን እውነት መልሶ ታሪኩ ውስጥ አስገባው፦ ጆ ከአሳታሚው ጋር ስለ መጨረሻው ስትደራደር፣ ሠርጉን ስትሰጠው፣ የመጽሐፏን መብት ግን ለራሷ ስታስቀር እናያለን። ያ ፊልም መጽሐፉን ለወጠ። በመለወጡ ግን ለደራሲዋ ታመነ። «መጽሐፉን ነኩት» የሚለው ወቀሳ ብቻውን አይበቃኝም።

የማታ አንባቢ፦

ጎህ፣ ይህን ክርክር ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። ስለ «ሊትል ዊመን» ያልሽው ትክክል ነው፤ ያንን ፊልም የምወደውም ለዚሁ ነው። ጆ የምትደራደረው ስለ ገንዘብና ስለ ባለቤትነት መሆኑን ተመልከቺ። ዋጋው አልተደበቀም። እኔ የምጠላው ለውጡን ሳይሆን ዋጋው ተሰርዞ ድፍረቱ ብቻ ሲቀር ነው።

ስለ ሞቱት ሴቶች ግን አንድ ነገር ልበል። የሞተች ሁሉ በደራሲዋ ወይም በደራሲው ተቀጥታለች ማለት አይደለም። ደራሲው ቶማስ ሃርዲ ቴስን (1891) ከመጽሐፉ ርዕስ ሥር «ንጹሕ ሴት» ብሎ ነው የጻፈላት፤ ይህም በዘመኑ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ገመዱን ያጠለቀላት ማን እንደሆነ እያንዳንዱ ምዕራፍ ይነግረናል፤ እሷ አይደለችም።

ሠርጉም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ጄን ኤር (1847) ሮቸስተር ሚስት እንዳለው ስታውቅ እየወደደችው ጥላው ትሄዳለች፤ በረሃብ ልትሞት ደርሳ ለአሳማ የተዘጋጀ ቀዝቃዛ ገንፎ ለምና ትበላለች። ከዚያ 20,000 ፓውንድ ከአጎቷ ትወርሳለች። ምን አደረገች? ለሦስት የአክስት ልጆቿ አካፈለችው፤ ለእያንዳንዳቸው 5,000፣ ለእሷም 5,000። ከእነሱ አንዱ የሆነው ቄሱ ሴንት ጆን ሪቨርስ «አግቢኝና ለሚስዮን ሥራ ሕንድ እንሂድ» ሲላት እምቢ አለች፤ በእግዚአብሔር ስም የመጣባትን ጫና እምቢ ማለት ለጄን ከሮቸስተር መለየትን ያህል ከብዷት ነበር። ወደ ሮቸስተር የተመለሰችው የራሷ ገንዘብ ያላት ሴት ሆና ነው። ብዙ ፊልሞች ይህን የሪቨርስን ክፍል ያሳጥሩታል ወይም ይቆርጡታል፤ ፍቅሩን ለማድረስ ይቸኩላሉ። ያ ሲቆረጥ የቀረው «ተለያዩ፣ ናፈቀችው፣ ተመለሰች» ነው። ያው ሠርግ የጎህን በር ይመስላል። መጽሐፉ ውስጥ ግን አይመስልም።

አዲስ ገቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቹን አላነበብኳቸውም፤ ክርክሩ ግን ያዘኝ። መጽሐፉን ሳያበላሽ ጠንካራዋን ሴት በደንብ ያሳየ አንድ ድራማ ብትጠቁሙኝ?

ካሜራና ብዕር፦

ወንድሜ፣ የ2004ቱን የቢቢሲ «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» እይ፤ አራት ክፍል ብቻ ነው። የኤልሳቤጥ ጋስከል መጽሐፍ በ1854 እና 1855 በመጽሔት እየተከፋፈለ ወጥቷል። ማርጋሬት ሄል ከደቡብ እንግሊዝ ወደ ፋብሪካ ከተማ የመጣች የቄስ ልጅ ናት። ሥራ ያቆሙት ሠራተኞች የፋብሪካውን ባለቤት ቶርንተንን ሊወግሩ ሲመጡ በመካከል ትቆማለች፤ ድንጋዩ እሷን ይመታል። ይህ ለካሜራ የተመቸ ነው፤ ማንም ሠሪ አይጥለውም።

የማደንቀው ግን መጨረሻውን ነው። በመጽሐፉ ቶርንተን ከስሯል፣ ማርጋሬት ወርሳለች። ለንደን ውስጥ አንድ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ጉዳዩን ሊያስረዳ የሚገባው ጠበቃ ስላልመጣ ራሷ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ታስረዳዋለች፦ 18,057 ፓውንድ ባንክ ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል፣ የሚያስገኝልኝ ሁለት ተኩል በመቶ ወለድ ብቻ ነው፣ አንተ ብትወስደው የተሻለ ወለድ ትከፍለኛለህ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ አሃዙን ግን አልሳተችም። የፍቅር ኑዛዜዋ ይህ ነው! ድራማው ቦታውን ወደ ባቡር ጣቢያ አዛወረው፤ ብዙ ሰውም የሚያስታውሰው መሳሳማቸውን ነው። የገንዘቡን ንግግር ግን አልጣለውም። የምታበድረው እሷ፣ ተበዳሪው እሱ መሆኑን ጠብቆ ነው ያሳሳማቸው። እንዲህ ሲሆን ቦታ ቢለወጥ ግድ የለኝም።

ከጓዳ፦

ልጆች፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ስድስት ኢንች ጭቃ የነካው ጉርድ ማን አጠበው? ጆ ቤከር የምትባል ደራሲ በ2013 «ሎንግቦርን» ብላ ያንኑ የኤልሳቤጥን ቤተሰብ፣ የቤኔቶችን ቤት፣ ከአገልጋዮቹ በኩል ጽፋዋለች፤ የምታጥበዋ ልጅ ሣራ ትባላለች፤ እጇ በውርጭና በሳሙና ቆስሏል። የባለታሪኳ ነጻነት በማን ጉልበት እንደቆመ የሚያሳይ ድራማ በጣም ጥቂት ነው። ፀጉሯን «ለቀቀች» የምትባለውን ልጅ ፀጉር ያበጠረች ሌላ ልጅ ከጀርባዋ ቆማለች፤ ለእሷ ንግግር እንኳ አልተጻፈላትም።

መርፌና ክር፦

እትዬ፣ እውነት ነው። በእጅ የተሰፋ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ለማውቅ ለእኔማ ይህ በጣም ይሰማኛል።

ጎህ፦

ከእትዬ ሐሳብ ተነስቼ ሌላ ሴት ላምጣ፤ ሻርሎት ሉካስን። የኤልሳቤጥ ጓደኛ፣ 27 ዓመት የሞላት፣ መልኳም ሀብቷም የማይጠራ። ኤልሳቤጥ እምቢ ያለችውን ሚስተር ኮሊንስን በቀናት ውስጥ ተቀብላ ታገባዋለች። የ2005ቱ ፊልም ገንዘብም ተስፋም እንደሌላት፣ እንደምትፈራም እንድትናገር አድርጓታል፤ ደስ ይላል፤ ግን አሳዘናትና አለፈ። መጽሐፉ ግን አልፎ ቤቷ ድረስ ይወስደናል። ሻርሎት የምትቀመጥበትን ክፍል ከቤቱ በስተጀርባ መርጣለች። ኤልሳቤጥ መጀመሪያ ይገርማታል፤ ከፊት ለፊት የተሻለ ክፍል አለና። ኋላ ይገባታል፦ ክፍሉ ያማረ ቢሆን ባልየው ከእሷ ጋር ይውል ነበር። አትክልት መኮትኮቱንም ለጤናው ጥሩ ነው እያለች ታበረታታዋለች። ቀኑን ሙሉ የራሷ አድርጋ ከፋፍላዋለች።

የማታ አንባቢ «ጥንካሬው በእምቢታ ውስጥ ነው» ብላለች። እኔ ደግሞ «እሺ» ያለችውንም ጨምሩልኝ እላለሁ። እምቢ ለማለት ፋኒ ቢያንስ የምትወደው ሌላ ሰው ነበራት፤ ኤልሳቤጥ ወጣትነትና ጨዋታ ነበራት። ሻርሎት ምንም አልነበራትም፤ ባላት በጣም ጥቂት ነገር ቤት ሠርታ ኖረችበት።

የማታ አንባቢ፦

ይህን እቀበላለሁ፤ ሻርሎት ትግባ። ግን ልጠይቅሽ፣ ጎህ፦ እሷን ዋና ባለታሪክ አድርጎ የሚሠራ ሰው ቢመጣ፣ ያንን የኋላ ክፍል ሳይነካ የሚያልፍ ይመስልሻል? እኔ የምፈራው በሦስተኛው ክፍል ባሏን በነገር ወግታ ዝም እንዳታሰኘው ነው።

ጎህ፦

እንዳታሰኘው እኔም እፈራለሁ። ዝም ካሰኘችውማ ክፍሉን መምረጥ ለምን አስፈለጋት? ታሪኳ እኮ እሱ ሲያወራ እየሰማች፣ መልስ ሳትሰጥ፣ ሰዓቷን ማስጠበቋ ነው። ያንን ለመጫወት ደግሞ ካሜራና ብዕር እንዳለው የአማንዳ ሩት ዓይነት ፊት ያስፈልጋል።